አዳማ ላይ ማታ ዕቃ ለምታደርሱ፦ ሩቅ የሚጥል ባትሪ አመራረጥ

ማታ ማታ በሞተር ዕቃ የምታደርሱ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እኔ አዳማ ውስጥ ከምግብ ቤትና ከመድኃኒት ቤት እየተቀበልኩ ቤት ለቤት አደርሳለሁ። ሥራው የሚጦፈው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ከሞተሩና ከስልኩ ቀጥሎ ሥራዬን ያቀለለልኝ ነገር የእጅ ባትሪ ነው። ያውም ማንኛውም ባትሪ ሳይሆን ብርሃኑ ሳይበተን ሩቅ የሚሄድ፣ ጨረሩ ጠበብ ያለ ባትሪ።

ብዙዎቹ የኛ ልጆች ለዚህ ነገር ግድ የላቸውም። «ስልኬ ላይ መብራት አለ» ብለው ያልፉታል። የማይበቃበትን ምክንያት ከሥራው ልጀምር።

አድራሻ እንዴት እንደሚነገረን ታውቃላችሁ። «ከፖስታ ቤት ወደ ላይ ስትመጣ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ አረንጓዴ በር።» ቅያሱ ውስጥ ስትገቡ አረንጓዴ በር ሞልቷል። የመንገድ መብራት ወይ የለም፣ ወይ ምሰሶው ቆሞ አምፖሉ ተቃጥሏል። የቤት ቁጥሩ በሩ ላይ ወይም አጥሩ ላይ የተመታች ትንሽ ቆርቆሮ ናት። ቀለሟን ፀሐይ በልቶታል፣ ወይም ከግቢው የወጣ አበባ ሸፍኗታል። ደንበኛው ስልክ አያነሳም። በዚህ ላይ መብራት የጠፋ ምሽት ከሆነ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ጥቁር አጥር ነው።

በስልክ መብራት ቁጥር ለማንበብ እያንዳንዱ በር ሥር መቆም አለባችሁ። በር ሥር ስትቆሙ ውሻ ይጮሃል። ውሻ ሲጮህ ጎረቤት ይነቃል፣ ጥበቃ ይወጣል። ሰውም ቢሆን ማታ በሩን እየዞረ የሚያይ ሰው ሲያይ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ሩቅ የሚጥል ባትሪ የያዘ ሰው ግን ሞተሩን ዳር አቁሞ፣ ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ የቅያሱን በሮች አንድ በአንድ አንብቦ የራሱን በር ያገኛል። ወደ አንድ በር ብቻ ነው የሚሄደው። ለእኔ የዚህ ባትሪ ጥቅም በአጭሩ ይኸው ነው።

ኮንዶሚኒየም ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የብሎክ ቁጥሩ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ነው። የስልክ መብራት እዚያ ሳይደርስ ይሞታል። ብሎክ ተሳስቶ አራተኛ ፎቅ ድረስ ምግብ ተሸክሞ መውጣትን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስልኩስ? ስልኩ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል። ደንበኛ ይደወልበታል፣ ካርታ ይታይበታል፣ ክፍያ ይረጋገጥበታል። መብራቱን እያበራችሁ ቻርጁን ከጨረሳችሁት ምሽቱ እዚያው አበቃ። ደግሞም ጨለማ ቅያስ ውስጥ የበራ ስልክ ዘርግቶ መሄድ ለነጣቂ «ና ውሰደኝ» ማለት ነው።

አሁን ወደ ባትሪው። ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሉመን ነው። አንዳንዱ ላይ 100000 ሉመን የሚል ታያላችሁ። እሱን እርሱት። መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ አንድ ድንጋይ የሚጎርስ ባትሪ ያን ያህል ብርሃን ሊያወጣ አይችልም። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ለኛ ሥራ ዋናው እሱ አይደለም።

ሉመን ማለት ባትሪው በሁሉም አቅጣጫ የሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው። ካንዴላ ማለት ደግሞ ያ ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተጠራቅሞ እንደሚሄድ የሚለካ ነው። ሳሎን ውስጥ ያለው አምፖል 800 ሉመን ሊኖረው ይችላል፤ ሳሎኑን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለ የቤት ቁጥር ግን አያስነብብም። በአንጻሩ 300 ሉመን ብቻ ያለው፣ ግን ብርሃኑን በደንብ የሚሰበስብ ባትሪ ያንን ቁጥር ከሩቅ ያወጣዋል። ስለዚህ ካርቶኑን አዙሩና ካንዴላ የሚለውን ፈልጉ። ከጎኑ «ሲዲ» በሚሉት የላቲን ፊደላት ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ደህና የሚባሉት አምራቾች ከካንዴላው ጋር በሜትር ርቀት ይጽፋሉ። ይህ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ኤፍኤል1 የሚባል የአሜሪካ መመዘኛ አለ። በዚህ መመዘኛ የባትሪው ርቀት የሚባለው ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ የሚወርድበት ቦታ ነው፤ ሉክስ ማለት አንድ ነገር ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። 0.25 ሉክስ ከሙሉ ጨረቃ ብርሃን ጋር ተቀራራቢ ነው። በጨረቃ ሰው መምጣቱን ታያላችሁ፣ የደበዘዘ የቤት ቁጥር ግን አታነቡም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 200 ሜትር ቢል 200 ሜትር ላይ ታነባላችሁ ማለት አይደለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ርቀቱን ወደ ሩብ ብታወርዱት ደግሞ ብርሃኑ 16 እጥፍ ይሆናል። 200 ሜትር የተባለ ባትሪ 50 ሜትር ላይ 4 ሉክስ ይሰጣችኋል ማለት ነው፤ ይህ በደንብ ያስነብባል። እኔ የምጠቀምበት ደንብ ይህ ነው፦ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሜትር ለአራት አካፍሉ፣ የምታነቡበት ርቀት እሱ ነው። 200 ሜትር የሚል ባትሪ 10000 ካንዴላ አለው። 100 ሜትር የሚለው 2500 ካንዴላ ብቻ ነው። ርቀቱ በእጥፍ እንዲጨምር ካንዴላው አራት እጥፍ መሆን አለበት።

ለአዳማ ቅያስና ኮንዶሚኒየም ከ5000 እስከ 15000 ካንዴላ ባለው ውስጥ ብትገዙ ይበቃችኋል። ከዚያ በላይ ያለው አይጠቅምም አልልም፤ ወደ ሉጎ ወይም ወደ ቦኩ በኩል ቤቶቹ ራቅ ራቅ ባሉበት ቦታ 20000 ደስ ይላል። ግን ባትሪው ጭንቅላቱ ይተልቃል፣ ኪስ አይገባም። ሰው ፊት ላይ ድንገት ቢያርፍም ክፉኛ ዓይን ይወጋል። የኛ ሥራ ከሰው ጋር ነው፣ አደን አይደለም።

ጨረሩ ምን ያህል ይጥበብ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያጠብበው ከልክ በላይ ነው። ባትሪውን ከግድግዳ በ5 ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ አብሩት። መሀል ላይ ደማቅ ክብ ታያላችሁ፤ ዙሪያውን ደግሞ ፈዘዝ ያለ ሰፊ ብርሃን አለ። ደማቁ ክብ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ካለው ለኛ ሥራ ልክ ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ 20 ሜትር ላይ 2 ሜትር፣ 30 ሜትር ላይ 3 ሜትር ስፋት ያበራል። አንድ የግቢ በር ከነቁጥሩ ከነቀለሙ ይገባበታል። ክቡ ከዚያ በጣም ካነሰ በሩን ለማየት ብርሃኑን ወዲያ ወዲህ ማዞር አለባችሁ። ከመንገድ ላይ ሲታይ ደግሞ ግቢ የሚሰልል ሰው ትመስላላችሁ።

ዙሪያውን ያለው ፈዛዛ ብርሃን ትርፍ እንዳይመስላችሁ። እግራችሁን የሚያሳያችሁ እሱ ነው። በኛ ከተማ ክዳኑ የጠፋ ቱቦ፣ ከኮብልስቶኑ የተፈነቀለ ድንጋይ፣ ለግንባታ የተደፋ አሸዋ የት እንደሚጠብቃችሁ አይታወቅም። ዓይናችሁ በሩ ላይ ሆኖ እግራችሁ ቱቦ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያቺ ፈዛዛ ብርሃን ናት የምታድናችሁ።

ለዚህ ነው ዙም የሚባለውን ባትሪ የማልመክረው። ጭንቅላቱን ስትስቡት ብርሃኑ የሚሰበሰብ፣ ስትገፉት የሚበተን ዓይነት ነው። ሱቅ ውስጥ ሲያሳዩት ያምራል። ሲሰበሰብ ግን መሀሉ ላይ ያለችው አራት ማዕዘን ነጥብ ብቻ ትቀራለች፤ ዙሪያው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከብርሃኑም ብዙው ባትሪው ሆድ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ከዚህ የባሰው ግን አቧራው ነው። ጭንቅላቱ በተሳበ ቁጥር አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ልክ እንደ ሲሪንጅ። አየሩ ደግሞ የአዳማ አየር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ባትሪ ነበረው፤ ሌንሱ ከውስጥ በኩል በአቧራ ተሸፍኖ ብርሃኑ እንደ ጭስ ሆነ። ከውጭ ቢወለውለው ምንም አልረዳውም፤ አቧራው ያለው ከውስጥ ነውና።

ዙም የሌለውን ስትመርጡ ባትሪው ጠፍቶ ሳለ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። መሀል ላይ ቢጫ ነጥብ አለች፤ ብርሃኑ የሚወጣው ከእሷ ነው። ነጥቧ አንድና ትንሽ ከሆነች፣ ዙሪያዋን ያለው መስታወት መሰል ሳህን ደግሞ ጥልቅና ለስላሳ ከሆነ ብርሃኑ ሩቅ ይሄዳል። ነጥቦቹ ሦስትና አራት ከሆኑ ወይም አንዷ በጣም ትልቅ ከሆነች ብርሃኑ ይበተናል። ሳህኑ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሸካራ ከሆነም ብርሃኑ ለስለስ ይላል፣ ርቀቱ ግን ይቀንሳል። ይህንን በዓይን ብቻ ማየት ይቻላል፤ ካርቶን ቢዋሽም ሳህኑ አይዋሽም።

አቧራን ካነሳሁ አይቀር አያያዙንም ልናገር። ኮረብታው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ ከተማ ውስጥ ሲገባ የሚያነሳው አቧራ ነው። በበጋ ማታ አንድ አይሱዙ ካለፈ በኋላ ባትሪ አብሩና እዩ። ፊታችሁ ላይ ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ብርሃኑ አቧራው ላይ እያረፈ ወደ ዓይናችሁ ስለሚመለስ ነው። ባትሪውን ዓይናችሁ አጠገብ ከያዛችሁት ይብሳል። ወደ ዳሌያችሁ ዝቅ አድርጋችሁ፣ እጃችሁን ከሰውነታችሁ ራቅ አድርጋችሁ ስታበሩ ግን ነጩ ግድግዳ ይሳሳል። የግንባር ባትሪ ለዚህ ሥራ የማይመቸኝም ለዚሁ ነው፤ ብርሃኑ ከዓይን ላይ ነው የሚነሳው። ሰውን ቀና ብላችሁ ባናገራችሁ ቁጥርም ዓይኑን ትወጉታላችሁ።

ቀለምም ቁም ነገር ነው። ርካሾቹ ባትሪዎች ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን አላቸው። ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን ይላል፤ ኬልቪን የብርሃኑን ቀለም የሚናገር ቁጥር ነው። በእሱ ብርሃን ጥቁር አረንጓዴውና ጥቁር ሰማያዊው በር አንድ ይመስላሉ፤ ቡናማውም ይደበዝዛል። እኛ ደግሞ የምንላከው በበር ቀለም ነው። ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን ያለው ብርሃን ለዓይን ይመቻል፣ ቀለም ይለያል። ሲአርአይ የሚል ቁጥር፣ ማለትም ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካውን ካያችሁ፣ ከፍ ያለው ይሻላል። 90 እና ከዚያ በላይ የሆነው ቀለምን እንደ ቀን ብርሃን አስጠግቶ ያሳያል፤ 70 አካባቢ ያለው ብዙ ባትሪ ላይ የሚገኝ ነው። ሲአርአዩ ከፍ ሲል ርቀቱ ትንሽ ይቀንሳል። እኔ ቀለሙን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። የቆርቆሮው ቁጥር በቀለም የተጻፈ ብቻ ሳይሆን ተጨፍልቆ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ቀለሙ ሙልጭ ብሎ ቢለቅም ይነበባል። ፊት ለፊት ካበራችሁበት ቆርቆሮው ብልጭ ይልና ምንም አይታይም። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ፤ ብርሃኑ ቆርቆሮውን ከጎን እየላሰ እንዲያልፍ አድርጉ። ያኔ የቁጥሩ ጠርዝ ጥላ ይጥላል። 4 እና 7 ከየት መጡ ሳትሉ ይወጣሉ። ለዚህ ከፍተኛው ብርሃን አያስፈልግም፤ መካከለኛው ይሻላል። ቀለም አዲስ የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ የብረት በርም እንደዚሁ ነው፤ ፊት ለፊት አታብሩ።

እንግዲህ ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ጠባብ ጨረር ያለው ባትሪ አገልጋይም ጠላት ማፍሪያም ነው። ፊት ላይ ያረፈ ብርሃን ስድብ ነው። ጥበቃ ላይ፣ እናት ላይ፣ ከፊት የሚመጣ ባጃጅ ላይ አይደረግም። ባጃጅ ነጂ ላይ ሲሆን ደግሞ ከስድብም ያለፈ አደጋ ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ እስከ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ በአንድ ብልጭታ ግን ያጣዋል።

ገንደ ጋራ አካባቢ ደጋግሜ መድኃኒት የማደርስበት ግቢ አለ። ጥበቃው ሸምገል ያሉ አባት ናቸው። በሩን ስቆረቁር «ኤኙ?» ይላሉ ከውስጥ፤ በኦሮምኛ «ማነው?» ማለታቸው ነው። ትንሿን መስኮት ከመክፈታቸው በፊት ባትሪዬን ወደ ታች እመልሳለሁ፤ ዝቅተኛው ላይ አድርጌ የያዝኩትን ከረጢት አበራበታለሁ። መስኮቷ ስትከፈት የሚያዩት ከረጢቱንና እጄን ነው። ከከረጢቱ በሚመለሰው ብርሃን ፊቴም ይታያቸዋል።

«አባባ፣ መድኃኒት ነው። ለእማማ።»

«እህ፣ አንተ ነህ እንዴ ልጄ። ጠብቅ፣ ውሻውን ልሰረው።»

ይኸው ነው። ሰው ማን እንደመጣበት ማየት ይፈልጋል። እናንተ እሱን ለማየት ከመቸኮላችሁ በፊት ራሳችሁን አሳዩት። ይህን የሚያደርግ ሰው ማታ በር ላይ ብዙ አይቆምም።

የመንገድ ውሻ ላይ ጠባብ ጨረር የሚጠቅመው ቀድሞ ለማየት ነው። የውሻ ዓይን ብርሃን ይመልሳል፤ ቅያሱ ጫፍ ላይ ሁለት ሁለት የሚያበሩ ነጥቦች ካያችሁ ውሾቹ ሳይደርሱባችሁ ሌላ መንገድ መምረጥ ትችላላችሁ። ቀርበው ከሆነ ዓይናቸው ላይ አላበራም። በእኔና በእነሱ መካከል ያለው መሬት ላይ አብርቼ ቀስ እላለሁ።

እየነዱ ባትሪ መያዝ የሚባል ነገር የለም። አንዳንዱ ልጅ መሪው ላይ ያስረዋል። አይሆንም፤ ለመንዳት በጣም ጠባብ ነው፣ ከፊት የሚመጣውን ሰው ያሳውራል። ለመንዳት የሞተሩን የፊት መብራት አሠሩ።

አሁን ደግሞ ማብሪያው። ለኛ ሥራ ዝቅተኛው ብርሃን ከከፍተኛው ባልተናነሰ ያስፈልጋል። ደረሰኝ ለማንበብ፣ መልስ ለመቁጠር፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ለመውጣት ከ5 እስከ 30 ሉመን ይበቃል። ሲበራ በዝቅተኛው የሚጀምር ወይም መጨረሻ የነበረበትን የሚያስታውስ ባትሪ ምረጡ። ብዙዎቹ ርካሾች ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ ከዚያ ብልጭ ድርግም፣ ከዚያ ኤስኦኤስ የሚባለው የድረሱልኝ ምልክት እያሉ ይዞራሉ። ዝቅ ለማድረግ ስትጫኑት ሰው በር ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ይህ የማይረባ ነገር ነው። ብልጭ ድርግም የሌለው፣ ወይም ሁለት ጊዜ ፈጠን አድርጎ በመጫን ብቻ የሚመጣ ይሁን።

ቁልፉን በጨለማ በአውራ ጣት ብቻ፣ ከተቻለም በጓንት ማግኘት አለባችሁ። አንድ እጃችሁ ሁልጊዜ ዕቃ ይዟል። ማንጠልጠያ ገመድ እጅ አንጓ ላይ ይደረግ። ደረት ላይ የሚሰካ መቆንጠጫ ያለው ከሆነ ደግሞ ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ፣ ወደ መሬት አዙራችሁ ሰክታችሁ ሁለት እጃችሁን ነፃ ታደርጋላችሁ።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሰዓትም እንዳያታልላችሁ። በዚያው መመዘኛ ሰዓቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው 10 በመቶ እስኪደርስ ነው። 5 ሰዓት ይሠራል ሲል አምስቱንም ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ይሠራል ማለት አይደለም። ትንሽ ባትሪ ከፍተኛው ላይ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ይግላል፣ ራሱን ለማዳን ብርሃኑን ይቀንሳል። ይህ ብልሽት አይደለም። እኛ ደግሞ ከፍተኛውን የምንፈልገው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ አብሩ፣ አንብቡ፣ አጥፉ።

ስለ ድንጋዩ አደራ የምለው አለ። ጥሩ ጥሩ ባትሪዎች የሚሠሩት 18650 በሚባለው በሚቻርጅ የሊቲየም ድንጋይ ነው። ስሙ ልኩን ይናገራል፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር። እውነተኛው ድንጋይ አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከ3500 እስከ 3600 ሚሊአምፒር ሰዓት አይበልጥም። ገበያ ላይ 9900 የሚል ተለጥፎበት ይሸጣል። ውሸት ነው፤ በዚያ ልክ እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም። በእጅ ስታነሱት ደህናው ከ45 ግራም አካባቢ ጀምሮ ይመዝናል፤ ውሸተኛው ብዙ ጊዜ ይቀላል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡም አዲስ ልባስ ለብሰው ይሸጣሉ። መከላከያ ያለውን ፈልጋችሁ ግዙ፤ ከመጠን በላይ እንዳይሞላ፣ ጨርሶም እንዳይራገፍ የሚያደርግ ትንሽ ሰርኪት አለው።

ትርፍ ድንጋይ ከያዛችሁ፣ ደግሞም ያዙ፣ በፕላስቲክ ማስቀመጫ ይሁን። ቁልፍና ሳንቲም ያለበት ኪስ ውስጥ ልቅ ከተቀመጠ ሁለቱ ጫፎች በብረት ይገናኛሉ፤ ይግላል፣ እሳት ሊነሳም ይችላል። ልባሱ የተቀደደ፣ የተጎዳ ወይም ያበጠ አይቻረጅም። ቀን ላይ የሞተር ወንበር ሥር፣ ፀሐይ በሚቀጠቅጥበት ቦታ አትተዉት። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ስለማናውቅ እኔ መብራት ባለ ጊዜ፣ ቤት ውስጥ እያለሁ ቻርጅ አደርጋለሁ። ተኝቼ አልተወውም። ቀጥታ በታይፕ ሲ ኬብል የሚቻርጅ ባትሪ ይመቻል፣ የስልካችሁ ኬብል ይበቃዋል። ግን ድንጋዩ የሚወጣ ይሁን። ድንጋዩ ከውስጥ የታሸገ ባትሪ ድንጋዩ የሞተ ቀን ራሱም ይጣላል።

በየሱቁ የሚገኘውን ትንሿን ድንጋይ የሚጎርስ ባትሪም አልንቅም። ሩቅ አይጥልም፣ ግን ቻርጅ ያለቀ ምሽት ከማንኛውም ኪዮስክ ድንጋይ ይገዛለታል። ለመጠባበቂያ ቦርሳ ውስጥ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ሳይሠራ የሚቆይ ከሆነ ድንጋዩን አውጡት፤ ፈሳሹ ወጥቶ ውስጡን ይበላዋል።

ክረምት ሲመጣ ውኃ አለ። ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ቅያሱን ወንዝ ሲያደርገው አይታችኋል። ካርቶኑ ላይ አይፒኤክስ4 ካለ ፍንጣቂ ብቻ ይችላል። አይፒኤክስ7 ካለ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ተሞክሯል ማለት ነው። ለኛ 7 ይሁን። ኤክሷ ባለችበት ቦታ 6 ከገባ፣ ማለትም አይፒ67 ወይም 68 ካለ፣ አቧራም አይገባውም፤ ለአዳማ ልክ እሱ ነው። የኋላ ክዳኑ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት አልፎ አልፎ ጥረጉና ሲሊኮን ቅባት ነካ አድርጉባት። ቫዝሊን አትቀቡ፣ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል። ቦርሳ ውስጥ ራሱ እንዳይበራ ክዳኑን ሩብ ዙር ማላላት በብዙዎቹ ላይ ይሠራል።

መግዣ ሰዓታችሁ ምሽት ይሁን። ጀምበር ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጨልሟል፣ ሱቆቹም ክፍት ናቸው። ቀን ላይ፣ አምፖል በበዛበት ሱቅ ውስጥ ሁሉም ባትሪ ጥሩ ይመስላል። ስልካችሁ ላይ ብርሃን የሚለካ አፕ ጫኑ፤ ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ይሠራል። ጨለማ ቦታ ላይ ስልኩን ከባትሪው 5 ሜትር አርቃችሁ አስቁሙ። የጨረሩን መሀል ከስክሪኑ በላይ ባለው ሴንሰር ላይ አሳርፉ። የሚያሳየውን ሉክስ በ25 አባዙት፤ ካንዴላው ነው። 400 ሉክስ ካሳየ 10000 ካንዴላ አካባቢ ነው። የስልክ ሴንሰር እንደ መለኪያ መሣሪያ አይታመንም፤ ሁለት ባትሪ ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ከዚያ ከሱቁ ውጡና ከመንገዱ ማዶ ያለ ማስታወቂያ ላይ አብሩ። ትንንሾቹን ፊደላት ማንበብ ቻላችሁ? የታርጋ ቁጥር ላይ ሳይሆን ተራ ቀለም በተቀባ ነገር ላይ ሞክሩ፤ ታርጋ ራሱ ብርሃን ስለሚመልስ ደካማውንም ባትሪ ጥሩ ያስመስለዋል። ሳትንቀሳቀሱ እግራችሁ ፊት ያለው መሬት ይታያችኋል? ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ የካርቶኑን ጽሑፍ አንብቡ፤ ዓይናችሁን ካልወጋችሁ ደረሰኝም አይወጋችሁም። ቁልፉን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ፈልጉት። ድንጋዩን አውጡና መልሱ። ባለሱቁ ወጥታችሁ እንድትሞክሩ ካልፈቀደ፣ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ግቡ።